የመጀመሪያው የኪሮሽ ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሲሄድ ለምን ይጠባል?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለመጀመሪያ ብርድ ልብስ ምን ዓይነት ክር፣ ስንት ጥቅል እንደሚበቃ፤ ሁለተኛው የጀመርሽው ሥራ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ለምን እየጠበበ ሦስት ማዕዘን እንደመሰለ። ከሁለተኛው ልጀምር፣ ምክንያቱም የጀማሪ ብርድ ልብስ መሐሉ ላይ አይበላሽም፤ የሚበላሸው የመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ነው።

በረጅሙ ዓይን ነው የምትሠሪው ብለሻል (ዓይን የምንለው አንዱን የኪሮሽ ስፌት ነው)፤ ማለትም ክሩን አንዴ ጠቅልለሽ፣ ኪሮሹን፣ መንጠቆውን ማለቴ ነው፣ አስገብተሽ፣ ስበሽ፣ ሁለት ሁለት ቀለበት እያሳለፍሽ። በዚህ አሠራር መስመር ስትጀምሪ የምትወጪባቸው 3 ሰንሰለቶች (ክሩን በቀለበቱ ውስጥ ብቻ እየሳብሽ የምትሠሪያቸው) ራሳቸው እንደ አንድ ዓይን ይቆጠራሉ። ስለዚህ ከሰንሰለቶቹ ግርጌ ያለውን ዓይን ዘለሽ ከሚቀጥለው ትጀምሪያለሽ፤ በመጨረሻም የመስመሩን የመጨረሻ ዓይን በታችኛው መስመር 3 ሰንሰለቶች አናት ላይ ትሠሪያለሽ። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ያ አናት ዓይን አይመስልም፤ ወደ ጎን ጎበጥ ብሎ ስለሚደበቅ መስመሩ ያለቀ ይመስላል። እሱን ሳትሠሪ በተመለስሽ ቁጥር አንድ ዓይን ይጎድላል። ሥራው በየመስመሩ ስለሚገለበጥ ጉድለቱ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይመጣል፤ ሦስት ማዕዘን የሚሆነውም ለዚህ ነው። 20 መስመር ላይ 20 ዓይን ጠፋ ማለት በመካከለኛ ክር 15 ሳንቲሜትር ያህል ነው።

እየሰፋ የሚሄድባቸው ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ መዝለል የነበረባቸውን የመጀመሪያ ዓይን አይዘሉም። ሁለቱም ስህተት አንድ ላይ ሲሠራ ቁጥሩ ልክ ይሆንና ጠርዙ ብቻ ጥርስ ያወጣል፤ ስለዚህ ቁጥር ልክ ነው ብለሽ ጠርዙን ማየት አትተዪ።

መፍትሔው ቀላል ነው። መስመር ጀምረሽ 3 ሰንሰለት እንደወጣሽ በሦስተኛው ላይ ትንሽ መርፌ ቁልፍ ሰኪበት። ስትመለሺ መርፌ ቁልፉ ያለበት ቦታ የመጨረሻው ዓይን ነው። የመጀመሪያዎቹን 10 መስመሮች አንድም ሳትዘዪ ቁጠሪ፣ ከዚያ በኋላ በየ4 ወይም 5 መስመሩ ይበቃል። አሁን የጀመርሽውን ደግሞ ቁጥሩ ልክ እስከነበረበት መስመር ድረስ ፍቺው። በኪሮሽ ሥራ ክፍት የሚሆነው አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ እንደ ሹራብ ዓይን ያመልጠኛል ብለሽ አትፍሪ።

እንደ እኔ ግን ለመጀመሪያ ሥራ መካከለኛው ዓይን ይሻላል። ክሩን አንዴ ጠቅልለሽ፣ አስገብተሽ ስትስቢ ኪሮሹ ላይ የሚኖሩትን 3 ቀለበቶች በአንድ ጊዜ ታሳልፊያለሽ። መስመር ስትጀምሪ የምትወጪያቸውን 2 ሰንሰለቶች አትቁጠሪያቸው፤ ከመጀመሪያው ዓይን ጀምረሽ የመጨረሻው ዓይን ላይ ትጨርሻለሽ፣ ሰንሰለቱን እንዳላየሽው ታልፊዋለሽ። ጨርቁም ጠበቅ ያለ ስለሚሆን ለሕፃን ጥሩ ነው፤ ጣት የሚገባበት ሰፊ ቀዳዳ የለውም።

ክሩ ለስላሳ፣ ፀጉር የሌለው፣ ፈዛዛ ቀለም ይሁን። በጥቁርና በፀጉራማ ክር ዓይኑን ለይቶ ማየት ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው። መካከለኛ ውፍረት ያለው አክሪሊክ በ5 ወይም 5.5 ሚሊሜትር ኪሮሽ ይመቻል። 80 በ90 ሳንቲሜትር ለሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ 1,000 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ 100 ግራሙ 200 ሜትር ከሆነ 5 ጥቅል፣ ለጠርዙ አንድ ተጨማሪ። በግራም ሳይሆን በሜትር አስቢ፣ ሁለቱም የክሩ ጥቅል ወረቀት ላይ ተጽፈዋል። እዚያው የማቅለሚያ ቁጥርም (በአንድ ጊዜ አብሮ የተቀለመውን ክር የሚለይ) አለ፤ ሁሉንም ጥቅል በአንድ ቁጥር በአንዴ ግዢ። የተለያየ ቁጥር ያለው አንድ ዓይነት ቀለም ጥቅሉ ላይ ሳይታወቅ ሲሠራ መስመር ሆኖ ይወጣል።

ስንት ሰንሰለት ልጀምር ለሚለው 15 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ናሙና ሥሪና መሐሉ ላይ በ10 ሳንቲሜትር ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሪ። 13 ከሆነ ለ80 ሳንቲሜትር 104 ዓይን ነው፤ 2 ጨምረሽ 106 ሰንሰለት ትሠሪና መካከለኛውን ዓይን ከኪሮሹ ሦስተኛው ሰንሰለት ላይ ትጀምሪያለሽ። በየ20 ሰንሰለቱ መርፌ ቁልፍ አድርጊ። ጥቂት ብታስበልጪም አይጎዳም፣ ትርፉ ከመነሻው ቋጠሮ በኩል ይፈታል። የሚያንስ ከሆነ ግን እንደገና መጀመር ነው። ሰንሰለቱ ከጠበቀ የብርድ ልብሱ ታች ተሰብስቦ ይቀስታል፤ እጅሽ ጠንካራ ከሆነ ሰንሰለቱን ብቻ በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊሜትር በሚበልጥ ኪሮሽ ሥሪው።

አዲስ ጥቅል ስትጨምሪ መስመሩ ጠርዝ ላይ ይሁን። ቋጠሮ ላይ ብቻ አትተማመኚ፣ በእጥበት ይፈታል። 15 ሳንቲሜትር ጫፍ ትተሽ በደነዘ መርፌ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ፣ እንደገና ወዲህ አሳልፈሽ ደብቂው።

የእንግሊዝኛ መመሪያ የምትከተዪ ከሆነ የአሜሪካ ይሁን የብሪታንያ መጀመሪያ አጣሪ። አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን አጭር ዓይን (ክሩን ሳትጠቀልዪ አስገብተሽ፣ ስበሽ፣ ሁለቱን ቀለበት በአንዴ የምታሳልፊበትን) ብሪታንያውያን ደብል ክሮሼ ይሉታል፤ ስትደባልቂው መጠኑ ሁሉ ይዛባል።

ሲያልቅ ዙሪያውን በአጭር ዓይን ዙሪው፣ ማዕዘን ላይ በአንድ ቦታ 3 እየሠራሽ። ጎኑ ላይ ከተጨማደደ ያነሰ ዓይን ሠርተሻል፣ ከተወዛወዘ በዝቷል። አክሪሊኩን ግን አትተኩሺው፤ ሙቀት ክሩን ያቀልጠዋል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። አርጥበሽ፣ በእጅሽ አስተካክለሽ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።