ለየክፍሉ የትኛው መብራት?

ጥያቄ፦ ሰሚት ያለውን ኮንዶሚኒየማችንን አድሰን የቀረን መብራት ብቻ ነው። ባለቤቴ ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ነጭ ኤልኢዲ ገዝተን እንገላገል ይላል። እኔ ሳሎኔ ክሊኒክ እንዳይመስል ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ማታ አረፍ ለሚሉበት ክፍል በፍጹም አልመርጠውም። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት 3000 ኬልቪን፣ ሞቅ ያለውን ይውሰዱ። ድምቀቱን በዋት ሳይሆን በሉመን፣ ማለትም በሚሰጠው የብርሃን መጠን ያወዳድሩ፤ ለ16 ካሬ ሳሎን 2400 ሉመን አካባቢ ይበቃል።

ኩሽናው ላይ ግን አይሰስቱ። 4000 ኬልቪን ያድርጉት። መብራቱ መሃል ኮርኒስ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ወደ መክተፊያው ሲዞሩ ጀርባዎን ይሰጡታል፤ የራስዎ ጥላ ሽንኩርቱ ላይ ያርፋል። እኔ ለደንበኞቼ ሁሌ ከካቢኔቱ ሥር ቀጭን የኤልኢዲ ስትሪፕ እጨምራለሁ። ሲአርአይ (መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ መለኪያ) 90 የሚል ካገኙ አይለፉት። ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩ ቶሎ ይለያል፣ የበርበሬውም ቀለም በትክክል ይታያል።

ለሻወር ቤት አይፒ44 የተጻፈበት ይሁን፤ የውሃ ርጭት ይችላል።

ከሱቅ ሳይወጡ አስበርተው በስልክዎ ካሜራ ይዩት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሄዱ መብራቱ ይርገበገባል ማለት ነው፤ ይተዉት። ሰፈራችሁ ኃይል ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚሠራውን ይጠይቁ።