ልጅ ለመውለድ ይጠቅማል ወይ ብለህ ለጠየቅኸኝ

ሰሞኑን እዚህ ሱሉልታ፣ ከሰፈራችን ጂም የወጣ አንድ ጎረምሳ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ጋሼ፣ ቴስቶስትሮን ብወጋ ልጅ ለመውለድም ይጠቅመኛል አይደል?» አለኝ። ሊያገባ ነው። ቴስቶስትሮን ማለት የወንድነት ሆርሞን ነው። ይጎዳሃል እንጂ አይጠቅምህም ብለው አላመነኝም። ወጣት አይጠይቅም እያልኩ ሳማርር ኖሬ፣ ይኸው የጠየቀውን ማሳመን አቃተኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ዕድሜዬን በላቦራቶሪ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ከከተማ ወጣ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ስሠራ፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሚስቱን ይዞ ይመላለስ ነበር። እሷ ያልተመረመረችው ነገር የለም፤ ደም፣ ሽንት፣ አልትራሳውንድ። ጠበሉም አልቀረም። ምንም አልተገኘባትም። እሱ ክንዱ የሸሚዙን እጅጌ ሊተረትር የደረሰ፣ ጢሙ ግጥም ያለ ወንድ ነውና ማንም አልጠረጠረውም። ሐኪሙ ለምኖ ለምኖ በመጨረሻ የዘር ፈሳሽ ናሙና አሰጠው።

ፈሳሹ እስኪቀጥን ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቄ፣ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ አየሁ። ጤነኛ ናሙና ዓይን እስኪያዞር ይተራመሳል። ይህኛው ጭር ያለ ነው። በማሽን አሽከርክሬ ዝቃጩን ደግሜ አየሁ፤ አንድም የለም። ውጤቱን ስሰጠው፣ ጓደኛው ለጉልበት እያለ የሚያመጣለትን መርፌ ሲወጋ መክረሙን እንደ ዋዛ ነገረኝ። ይህንኑ ለሐኪሙ ንገረው አልኩት። ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና በዋናው በር ወጥቶ ሄደ። አልተመለሰም።

ሚስቱን ገበያ ላይ አገኛት ነበር። የባሏ ዘመዶች «መካን» እያሉ እንደሚያሸሙሯት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እኔ ደግሞ ሰፈሩ የማያውቀውን አውቃለሁ። የታካሚ ምስጢር ነውና ሰላም ብያት አልፋለሁ። በኋላ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ምስጢር ይጠበቅ ባይ ነኝ፣ ዛሬም። ያን ዝምታዬን ግን እስካሁን አልወደውም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ነገሩ ሊስተካከል ይችል የነበረ መሆኑ ነው። አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ በየጊዜው ምልክት ይልካል፤ ፒቱታሪም ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል። ኤልኤች ቆለጥ ቴስቶስትሮን እንዲሠራ ያዛል፤ ኤፍኤስኤች የወንድ ዘር የሚያሳድጉትን ሕዋሳት ያግዛል። ደም ውስጥ ቴስቶስትሮን ሲበዛ ግን፣ ሮቶ ሲሞላ ተንሳፋፊው ውኃውን እንደሚዘጋው፣ አንጎል ትእዛዙን ያቆማል። መርፌው የሚያታልለው ይህንን ነው። ክንድ ያብጣል፣ ቆለጥ ይሟሽሻል፣ የዘር ምርቱ ይቆማል። መርፌው ሲቆም ብዙዎች ያገግማሉ፤ ነገር ግን አንድ የወንድ ዘር ተሠርቶ ለመብቃት ከ70 ቀን በላይ ስለሚፈልግ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ መታገሥ ግድ ነው።

ሴቷም ዘንድ የሚሠሩት እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ኤፍኤስኤች እንቁላል የያዘውን ከረጢት ያሳድጋል፤ ከረጢቱ ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ሥራዬን ያስወደደኝ የሚቀጥለው ነው። ኢስትሮጅን ለሁለት ቀን ያህል ከፍ ብሎ ከቆየ አንጎልን መግታቱን ትቶ ያነሣሣዋል፤ ኤልኤች በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ይወጣል። ባዶ የቀረው ከረጢት ፕሮጄስትሮን የተባለ ሌላ ሆርሞን እያመነጨ ማሕፀንን ለሁለት ሳምንት ያህል ያዘጋጃል። ጽንስ ካልተያዘ ይከስማል፣ የወር አበባም ይመጣል። ከተያዘ ጽንሱ ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን ልኮ ከረጢቱን ያቆየዋል፤ በእርግዝና የሽንት ምርመራ የምንፈልገው ይህንኑ ሆርሞን ነው።

እዚህ አገር ወተት የሚያመርቱ አባቶች ላሟ በ21 ቀኗ ኮርማ ስትፈልግ በአደባባይ ያወራሉ። የልጃቸው የወር አበባ ሲነሣ ግን ጉሮሮ መጥረግ ይጀምራሉ። እናንተ ወጣቶች ከእነሱ ደፋሮች ናችሁ፤ ችግሩ ድፍረታችሁ ስልክ ላይ መርፌ የሚሸጠውን ማመን ላይ መዋሉ ነው።

አንተ ጎረምሳ፣ ጀምረኸው ከሆነ በራስህ ፈቃድ ሌላ መድኃኒት አትደርብበት። ሐኪም ዘንድ ሄደህ የወጋኸውን ሳትደብቅ ንገረው። ከዘር ፈሳሽ ምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ከማፍሰስ ትታቀባለህ። ናሙናውን ከቤት የምታመጣ ከሆነ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አድርስ፤ ከልብስህ ሥር ደብቀህ ያዘው፣ የሱሉልታ ጠዋት ብርዱ አይቻልም።