ጢንዚዛውን ከመውቀሳችሁ በፊት

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ተመራማሪ፣ «ጋሼ፣ የአየር ንብረቱ ሲለወጥ አረም የሚበሉልን ጢንዚዛዎች ይጠቀማሉ ወይስ ይጎዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘኋት። ሌሊቱን ግን ከብዙ ዓመት በፊት የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ያኔ ፓርቲኒየም የሚባለውን አረም የሚበላውን ዚጎግራማ የተባለ የሜክሲኮ ጢንዚዛ እናረባ ነበር። ርዝመቱ ግማሽ ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ነጣ ባለ ጀርባው ላይ ቡናማ መስመሮች አሉት። የመረብ ቤቱ ጠባቂ «ከብቶቻችሁ» ይላቸው ነበር። ጠዋትና ማታ ቅጠል እያጨድን ስናበላ የሚያይ ሰው ሌላ ምን ይበል?

ይህ ጢንዚዛ ደረቁን ወራት አፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል፤ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ነቅቶ ይወጣል። በለቀቅንበት ዓመት በልተው ተዋለዱ፤ በጋው ሲገባ አፈር ውስጥ ገቡ። በቀጣዩ ዓመት ዝናብ ያለ ጊዜው መጥቶ ጥቂት ቀን ጣለና ጠፋ። ጠባቂው «ከብቶቻችሁ ወጥተዋል፤ የሚቀመስ ቅጠል ግን የለም» ብሎኝ ነበር። እኔ በሥራ ዕቅዱ የተጻፈውን ቀን ጠብቄ ሄድኩ። አንድም ጢንዚዛ አላገኘሁም። ዋናው ዝናብ ሲመጣ አረሙ አፈር ውስጥ ካስቀመጠው ዘር እንደ አዲስ በቀለ። አንድ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ በበቀለ በወር ገደማም ያብባል። ጢንዚዛው እንዲህ ያለ ተቀማጭ የለውም።

ሪፖርቴ ላይ «ጢንዚዛው ከአካባቢው ጋር መላመድ አልቻለም» ብዬ ጻፍኩ። ሥራው በዚያው ተዘጋ። የገደላቸው ያ የተሳሳተ ዝናብ ይሁን ሌላ ነገር ዛሬ ማረጋገጥ አልችልም፤ የጣለበትን ቀን አልመዘገብኩም፣ የአፈሩንም ሙቀት አልለካሁም።

ጢንዚዛው ሰብል እንዳይነካ ስለመፈተን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ለልጅቷ ጥያቄ ግን አንድ መልስ የለም። እምቦጭ የሚበሉት ነቀዞች ብርድ ያደክማቸዋል፤ ሙቀት ሲጨምር ይበረቱ ይሆናል፤ እምቦጩም ግን ሙቀት ወዳድ ነው። ፓርቲኒየምን ከሚያጠቁት የዋግ በሽታዎች አንዱ ደግሞ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ካላገኘ አይሠራም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ብዙ ጊዜ የቅጠሉ ናይትሮጂን ይቀንሳል፤ የነፍሳቱ እጭ (ገና ያልጎለመሰው ትል) አብዝቶ ይበላል፣ ዕድገቱ ግን ይጓተታል። ስለዚህ አረሙንም በላተኛውንም፣ ሰማዩንም አብራችሁ መዝግቡ።

የዛሬ ልጆች ጢንዚዛ ወደፊት የት እንደሚኖር በኮምፒውተር ካርታ ላይ ቀለም ትቀባላችሁ፤ ጉልበታችሁን ግን ጭቃ አይነካውም። እኔ ካርታችሁን አላምነውም። ያኔ እንዲህ ያለ ካርታ ቢኖረኝ ኖሮ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ቦታ እመርጥ ነበር።

ጠባቂው ዝናብ በጣለ ቁጥር የመረብ ቤቱ መቃን ላይ በከሰል ያሰምር ነበር። ጊዜ ማሳለፊያ መስሎኝ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። ቤቱ ሲፈርስ መቃኑ ለማገዶ ሄደ።