ሠላሳ ሁለት ገጽ ይበቃል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ደብረ ብርሃን ከተማ በመኖሪያ ቤቷ የግጥም ጥራዞችን በእጅ እያጠፈችና እየሰፋች የምታሳትም ናት። በዚህ እትም በርከት ያሉ ጥያቄዎች የደረሷት ስለዚሁ ሥራ ስለሆነ ሌሎቹን ለሚቀጥለው አቆይተናል።)

ከደብረ ሲና፣ መምህር

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የአማርኛ መምህር ነኝ። በደብተር የጻፍኳቸው ከዘጠና የማያንሱ ግጥሞች አሉኝ። ያነጋገርኩት ማተሚያ ቤት ከአምስት መቶ ቅጂ በታች አናትምም አለኝ፤ ገንዘቡ ደግሞ ከአቅሜ በላይ ነው። እርስዎ እንደሚያደርጉት በእጄ ሃምሳ ቅጂ ብሠራ መጽሐፍ ይባልልኛል? ከየት ልጀምር?»

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ይባልልዎታል። ዘጠናውን ግጥም ግን ይዘው አይገቡም።

ስምንት ኤ4 ወረቀት ደርበው ከመካከል ቢያጥፉ 32 ገጽ ይወጣልዎታል። ከዚያ በላይ ሲደርቡ ወረቀቱ አልታጠፍ ይላል፤ የውስጥ ቅጠሎቹም ከውጭዎቹ አልፈው ይወጣሉ። ከ32ቱ ላይ የርእሱን ገጽ፣ ስለ ሕትመቱ የሚጻፍበትን ጀርባውን፣ ማውጫውንና መጨረሻ ላይ የሚተወውን ባዶ ገጽ ቀንሱ፤ 28 ይቀራል። ሁለት ገጽ የሚይዙም ስለሚኖሩ ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ አራት ግጥም ነው የሚገባው። እዚህ ላይ አብዛኛው ገጣሚ ፊቱን ያጠቁርብኛል። «ታዲያ ወረቀት እንጨምርበት» ይላል። አልጨምርም። ትልቅ ማተሚያ ቤት ገንዘብ ከከፈሉት ያመጡለትን ሁሉ ያትማል፤ እኔን ግን ጥራዙ ራሱ አትመርጪም ወይ ብሎ ይይዘኛል። ከዚህ ሥራ የምወደውም ይህንኑ ነው።

እንዴት ይመረጣል ላሉኝ፦ ዘመድዎ ላልሆነ ሰው ጮክ ብለው ያንብቡ። በተማሪዎች ምረቃና በሠርግ ላይ ጭብጨባ ያስነሡትን ለብቻ ያስቀምጧቸው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ድምፅዎ ተሸክሟቸው ሊሆን ስለሚችል ወረቀት ላይ ብቻቸውን መቆማቸውን ማየት ያስፈልጋል። ስለ እናት ስምንት ግጥም ካለዎት ሰባቱ ለስምንተኛው መለማመጃ ነበሩ። ደግሞም ከደብረ ሲና የሚመጣ ገጣሚ ሁሉ ስለ ጣርማ በር ጉም ጽፏል። እስካሁን የደረሰኝ ጉም ቢደመር እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ አገሩን ይሸፍናል። የእርስዎ ጉም ከሌላው ሰው ጉም በምን ይለያል? ይህን ከመለሱልኝ ይግባ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ኮምፒውተሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ስምንት ባዶ ወረቀት አጥፈው በእርሳስ ከ1 እስከ 32 ቁጥር ይስጧቸው፤ ከዚያ ይፍቱት። የመጀመሪያው ወረቀት በአንድ ፊቱ 32ን እና 1ን፣ በጀርባው 2ን እና 31ን እንደያዘ ያያሉ። ጎን ለጎን የሚታተሙት ሁለት ገጾች ሲደመሩ ሁልጊዜ 33 ናቸው፤ 33 ካልመጣ ፎቶ ኮፒ ቤት አይሂዱ። ሲነበቡም ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ሲታተሙም በአንድ ወረቀት አንድ ፊት ላይ የሚያርፉ ገጾች 16 እና 17 ብቻ ናቸው። ረጅም ግጥም ካለዎት ቦታው እዚያ ነው፤ ገጽ ሳያስገለብጥ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። እኔ ግጥሞቹን የምደረድረው ከመካከሉ ተነሥቼ ነው።

ወረቀት የሚታጠፍበት አቅጣጫ አለው። ፋብሪካ ሲሠራ ቃጫው ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ በዚያው ወገን ሲያጥፉት እሺ ይላል፣ በአግድሙ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። ለማወቅ ሳያጥፉ በሁለቱም በኩል ጎበጥ እያደረጉ ይጫኑት፤ በቀለለው በኩል ነው የሚታጠፈው። በውስጡ ባለ 80 ግራም ወረቀት ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ሽፋኑ ግን ወፍራም ስለሆነ ከትልቁ ወረቀት ላይ ሲቆርጡ አቅጣጫውን ይዘው ይቁረጡ፤ አለበለዚያ ጀርባው ላይ ነጭ ስንጥቅ ያወጣል። ጥቁር ሽፋን ላይማ ያስጠላል።

ስፌቱ ቀላል ነው። ሦስት ቀዳዳ ይበቃል፤ አንዱ መካከል ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ ሁለት ሁለት ጣት ያህል ገባ ብለው። በቀጭን ወስፌ ከውስጥ ወደ ውጭ ይብሱት። ሥልሳ ሴንቲ ሜትር ያህል የጥጥ ክር በንብ ሰም ላይ ይጎትቱና ከውስጥ ተነሥተው በመካከለኛው ቀዳዳ ይውጡ፤ በላይኛው ይግቡ፤ በውስጥ በኩል መካከለኛውን ዘለው በታችኛው ይውጡ፤ ተመልሰው በመካከለኛው ይግቡ። አሁን ሁለቱም የክር ጫፎች ውስጥ ናቸው። ረጅሙን ስፌት በመካከላቸው አድርገው ያጥብቁና ይቋጥሩ። የናይለን ክር ጠንካራ ነው ብለው እንዳይገዙ፤ ቀጭንና ደረቅ ስለሆነ ውሎ አድሮ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ሲጎትቱ በጥራዙ ርዝመት እንጂ ወደ ላይ አይጎትቱ፤ ወደ ላይ ከተጎተተ ቀዳዳው ይቀደዳል።

ዳሩን የሚቆርጡት ከሰፉ በኋላ ነው። ከስፌቱ በፊት የተቆረጠ ጥራዝ ሲታጠፍ ውስጡ እንደገና ይወጣል።

ከሸዋ ሮቢት

«በስቴፕለር ብመታውስ? ጊዜ ይቆጥባል።»

ይቆጥባል። የቢሮ ስቴፕለር ግን ክንዱ አጭር ስለሆነ ከኤ4 መካከል አይደርስም፤ ባለ ረጅም ክንዱን መፈለግ ይኖርብዎታል። ሽቦው ከዓመታት በኋላ ይዝጋል፣ ዝገቱም ገጽ 16ንና 17ን ያበላሻል። ለአንድ ምሽት የግጥም ንባብ የሚበተን ከሆነ ይምቱት፤ ሰው ቤቱ ወስዶ የሚያስቀምጠው ከሆነ ይስፉት።

ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪ

«እትዬ፣ ከዓመታት በፊት በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ግጥም በሌላ ኮምፒውተር ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት መዓት ሆኖ ይመጣል። ደግሞ ገጹ ትንሽ ስለሆነ ስንኙ እየተቆረጠ ወደ ታች ይወርድብኛል። ምን ላድርግ?»

ልጄ፣ ግጥሙ አልጠፋም። የድሮዎቹ የፊደል ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ አስቀምጠው ስለነበር ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር የሚያየው ላቲኑን ነው። ዩኒኮድ ከመጣ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ይህ ችግር የለም። የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔ ግን የታተመ ቅጂ ካለ እንደገና እተይበዋለሁ። ግጥም አጭር ነው፣ ጣትም ከዓይን ይልቅ ያስተውላል፤ ስንኙ የሚያነክስበት ቦታ ላይ ጣቴ ይቆማል። ለጥራዝ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይሆንሃል። አቢሲኒካ በነጻ የሚገኝ ነው፣ የብራና ጽሕፈት ጠረንም አለው፤ ለግጥም እሱን እመርጣለሁ። ፊደላችን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ስጠው።

ስለ ስንኙ። የወል ቤት ከሆነ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ አሥራ ሁለት ነው፤ ይህ በኤ5 ገጽ ላይ (ኤ4 ከመካከል ሲታጠፍ የሚወጣው ነው) በ12 ነጥብ ፊደል ያለ ችግር ይገባል። የሚወርድብህ ከሆነ ወይ ፊደሉን አተልቀኸዋል፣ ወይ ሁለቱን ስንኝ በአንድ መስመር ጽፈሃል። ረዘም ላለ ስንኝ መስመሩን የት እንደሚሰብር ኮምፒውተሩ እንዲወስን አትፍቀድ፤ እሱ ቦታ ሲያልቅበት ነው የሚሰብረው። አንተ ግን ትንፋሹ በሚያርፍበት ስበረው፤ የተሰበረውንም ትንሽ ገባ አድርገህ ጻፈው፣ አንባቢው አዲስ ስንኝ እንዳይመስለው። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍተት የመተው ልማድ ካለህ ዛሬውኑ ተወው። መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይሸሻል፤ በአራት ነጥብ የሚጀምር መስመር ከማየት የሚከፋኝ ነገር የለም።

በሀ፣ በሐ እና በኀ መካከልም አንዱን መንገድ ምረጥ። የፈለግኸውን ያዝ፤ ገጽ 5 ላይ ፀሐይ፣ ገጽ 20 ላይ ጸሃይ አይሁን እንጂ።

ከመሃል ሜዳ

«አባታችን ከሞቱ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ብዙ ግጥም ጽፈው ትተዋል። ለሙት ዓመታቸው ማሳተም ፈልጌ ነበር፤ ሁለቱ ወንድሞቼ ግን አልተስማሙም። የልጅነት መብት ስላለኝ ብቀጥልበት ያስጠይቀኛል?»

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የገንዘብ ጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መብቱ የወራሾች ነው። ወንድሞችሽም ወራሾች ናቸው። ስለዚህ ብቻሽን አትቀጥይ። የውርስ ክርክር ከተነሣ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይሻላል፤ እኔ መርፌ እንጂ ጥብቅና አላውቅም።

የማውቀውን ልንገርሽ። እንዲህ ያለ ጠብ ብዙ ጊዜ ስለ መብት አይደለም። አንዱ ወንድም የሚፈራው አንድ ግጥም አለ፤ ስለ አንድ ጎረቤት፣ ስለ አንድ ያልታረቀ ዘመድ፣ ወይም ስለ ራሱ። የትኛው እንደሆነ ጠይቂና ያንን አውጪው። ሃያ ግጥም ብቻ በሚገባበት ጥራዝ አንዱን መተው ማንንም አያዋርድም፤ ደብተሩ እንደሆነ ቤታችሁ አለ። ሲስማሙ በአንድ ወረቀት ላይ ሁላችሁም ፈርሙ፤ ስንት ቅጂ እንደሚታተምና ለማን እንደሚታደልም ጻፉበት።

ከዓለም ከተማ

«የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነኝ። እዚህ እንደ እርስዎ ያለ ትንሽ ሥራ ብጀምር እንጀራ ይሆነኛል?»

ብቻውን አይሆንህም። እኔም የትምህርት ቤት መዝገብ እጠርዛለሁ፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት አጥፋለሁ፤ ግጥሙን የሚያኖረው እሱ ነው። ዓለም ከተማ ያለችበት መርሐቤቴ ግን ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለም። በአዲስ አበባ የጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤትን ያቋቋሙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የወጡት ከእናንተ አገር ነው።

የወረቀት ዋጋ ስለማይጨበጥ በብር አልነግርህም፤ ስሌቱን እነግርሃለሁ። ወረቀት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሽፋን፣ ክር ደምር፤ ለሚበላሹት አንድ አሥረኛ ጨምር፤ ከዚያ የእጅህን ሰዓት አስገባ። ወጣቶች የሚረሱት ይህን የመጨረሻውን ነው፣ ከዚያም በዓመቱ ተማረው ይተዉታል። ከሃምሳ ቅጂ አሥሩን ለገጣሚው እሰጣለሁ፤ እሱ የፈለገውን ያድርግበት፣ ይሽጥ፣ ያድል። ቀሪው ተሸጦ ወጪው ከተመለሰ በኋላ የሚተርፈውን እኩል እንካፈላለን። ይህ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በጽሑፍ ይሆናል፤ ጓደኛህ ቢሆንም፣ በተለይ ጓደኛህ ከሆነ።

ለመሸጥ መጻሕፍት መደብር አትጠብቅ። በእንግሊዝ አገር ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን መጻሕፍትን ከመንደር መንደር ይዘው የሚዞሩት መርፌና ጥብጣብ የሚሸጡ ተዘዋዋሪ ነጋዴዎች ነበሩ። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ደግሞ ገበያ ላይ በገመድ አንጠልጥለው ይሸጧቸዋል፤ ሽፋናቸውም በእንጨት ቅርጽ የታተመ ሥዕል ነው። ሻጩ ግጥሙን ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ የሰማው ይገዛል። የትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ የቡና ቤት ባንኮኒ፣ የምረቃ ቀን ለአንተ ይበቁሃል። ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከፈለግህ የሚሰጠው ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። ባትፈልግም አንድ ቅጂ እዚያ እንዲቀመጥልህ አድርግ፤ ሃምሳ ቅጂ ቶሎ ይጠፋል።

ከአንኮበር፣ መሪጌታ

«እኅታችን ሆይ፣ ከሥራሽ አንዱን አየሁት። የእንጨት ገበታ የለው፣ የቆዳ ልባስ ድጉስ የለው፣ የሚያዝበት ማኅደር የለው። በሦስት ቀዳዳ የተያዘ ወረቀት መጽሐፍ ነው ማለት ድፍረት አይሆንም?»

መሪጌታ፣ እንዴት ሰነበቱ። ያዩት አንድ ጥራዝ ነው፤ ብራናው መጽሐፍ ግን ብዙ ጥራዝ በሰንሰለት ስፌት ተያይዞ፣ ገበታውም በዚያው ክር ተይዞ የሚቆም ነው። እኔ ከዚያ ሥራ የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ ወስጄ ቆሜአለሁ። ለአንድ መጽሐፍ የሚታረደው ፍየል፣ የሚፋቀው ቆዳ፣ የሚጠረበው የዋንዛ ገበታ ለዳዊት ይገባል፤ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ መጀመሪያ ፍቅሩ ለጻፈው ግጥም ግን ይበዛበታል። ልጁ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱ ሊያፍርበት ይችላል። ወረቀትና ክር ለዚያ ዓይነቱ ልክ ነው። ስሙን ከፈለጉ መጽሐፍ አይበሉት፤ ጥራዝ ይበሉት፣ አልከፋም።

እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ደብረ ብርሃን ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ብርዱና እርጥበቱ አያስደርቅም። ለሽፋን የማበስለው የዱቄት ሙጫ በትንሽ በትንሹ ብሠራውም ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ለዚህ ብዬ በክረምት የሚለጠፍ ሥራ አልቀበልም። አንኮበርም እንደ እኛው ደጋ ነው። እናንተ በክረምት ቆዳ ከገበታ ጋር ስታጣብቁ ሙጫው ውስጥ ምን ትጨምራላችሁ? መልሱን በዚህ ዓምድ ላወጣው ይፍቀዱልኝ፤ የሚጠብቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።