ታብሌት፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ዋጋና የሥራ ጉዞ፦ ጥያቄና መልስ

ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል የጨረታና የውል ሰነድ ይዤ ከአገር አገር የተመላለስሁ፣ በመንገድም ሆነ በቤት መጽሐፍ ከእጄ የማይለይ ሰው ነኝ። የጠየቃችሁኝን እንደሚከተለው መልሻለሁ፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአማዞን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ኪንድል፣ እንደወጣ ሰሞን አዲስ መጽሐፍ በ9.99 ዶላር እንገዛ ነበር፤ ዛሬ ያው ዓይነት መጽሐፍ 14.99 ዶላር ነው። ወረቀት፣ ቀለምና ማጓጓዣ የሌለበት ነገር እንዴት ይወደዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ የሚገባን የወረቀቱን ወጪ ትተን ዋጋውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ነው። አማዞን በኖቬምበር 2007 ኪንድልን በ399 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ መጻሕፍቱን ከአሳታሚዎች በጅምላ ዋጋ ይገዛ ነበር። ለምሳሌ በጠንካራ ልባስ ታትሞ 26 ዶላር የተተመነን መጽሐፍ በ13 ዶላር ገደማ ገዝቶ በ9.99 ይሸጠዋል፤ በእያንዳንዱ ቅጂ ሦስት ዶላር ቢከስርም አንባቢውን ለመሣሪያውና ለሱቁ ያስለምደዋል። አሳታሚዎቹ የፈሩት ይህንኑ ልማድ ነው፤ አንባቢ አንዴ 9.99ን ትክክለኛ ዋጋ አድርጎ ከያዘ የወረቀቱን መጽሐፍ በ26 ዶላር የሚገዛ አይኖርም ብለው ሠጉ።

በጃንዋሪ 27 ቀን 2010 የአፕል ኃላፊ ስቲቭ ጆብስ መጽሐፍም የሚሸጥበትን ታብሌት፣ አይፓድን፣ ሲያስተዋውቅ አሳታሚዎቹ መውጫ በር አገኙ። ሃሼት፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ማክሚላን፣ ፔንግዊንና ሳይመን ኤንድ ሹስተር የተባሉት አምስት አሳታሚዎች ዋጋውን ራሳቸው እንዲወስኑ፣ አፕልም እንደ ደላላ ከሽያጩ 30 በመቶ እንዲወስድ ተስማሙ፤ የአዳዲስ መጻሕፍትም ዋጋ ወደ 12.99ና 14.99 ዶላር ወጣ። እስቲ አብረን እናስላው፦ ከ12.99 ዶላር 70 በመቶው 9.09 ዶላር ነው። ቀድሞ በጅምላ 13 ዶላር ያገኙበት ከነበረው መጽሐፍ አራት ዶላር ያህል የሚቀንስ ገቢን ወደው ተቀበሉ ማለት ነው፤ በምትኩ ያገኙት ዋጋ የመወሰን ሥልጣንን ነው። ይህን ስሌት ያልተረዳ ሰው አሳታሚዎቹን በስግብግብነት ብቻ ይከስሳል፤ እኔ ግን ፍርሃታቸው እውነተኛ እንደነበረ፣ የመረጡት መንገድ ግን አንባቢውን እንደጎዳ አምናለሁ። ምክንያቱም ሌላ ሱቅ በርካሽ ከሸጠ አፕልም በዚያው ዋጋ እንዲሸጥ የሚፈቅድ አንቀጽ በውሉ ስለነበረ፣ አማዞንንም ወደዚሁ አሠራር ማስገባት ግድ ሆነባቸው። በዚያው ጃንዋሪ መጨረሻ አማዞን የማክሚላንን መጻሕፍት የመግዣ ቁልፍ ቢያነሣም በቀናት ውስጥ እጅ ሰጠ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሕግ አልጠየቃቸውም?

መልስ፦ ጠይቋል። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2012 አፕልንና አምስቱን አሳታሚዎች ከሰሰ፤ አሳታሚዎቹ በየተራ በስምምነት ሲወጡ አፕል ብቻውን ተከራክሮ በጁላይ 2013 በዳኛ ዴኒዝ ኮት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2016 ይግባኙን ሳይቀበል በመቅረቱ 400 ሚሊዮን ዶላር ለገዢዎች ተመለሰ። ሆኖም ሕገ ወጥ የተባለው ተመካክሮ ዋጋ ማስወደዱ እንጂ አሳታሚ ዋጋ መወሰኑ አልነበረም፤ ስለዚህ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ቆይተው በየግላቸው ተዋውለው ያንኑ ሥልጣን መልሰው ያዙ፤ ዛሬም ዋጋው ከፍ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በአይፓዴ ላይ በኪንድል መተግበሪያ ውስጥ መጽሐፍ መግዛት አልችልም። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጩ ከአሳታሚው የሚያገኘው ድርሻ 30 በመቶ ሲሆን አፕል በመተግበሪያ ውስጥ ከሚፈጸም ሽያጭ የሚጠይቀውም 30 በመቶ ነበር፤ ለሻጩ ባዶ እጁን መቅረት ሆነበት። አማዞን በ2011 የሱቁን ማገናኛ ከመተግበሪያው ያወጣው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ከሜይ 2025 ጀምሮ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት ወደ ድረ ገጹ የሚወስድ ቁልፍ ተመልሷል፤ በሌላ አገር ያላችሁ ግን በድረ ገጽ ማሰሻ ገዝታችሁ በመተግበሪያው አንብቡ።

ጥያቄ፦ ለሥራ ስጓዝ ላፕቶፑን ቤት ትቼ ታብሌት ብቻ ልያዝ?

መልስ፦ ሥራዎ ማንበብ፣ ማሳየትና መፈረም ከሆነ ያለ ሥጋት ይተዉት። የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች 16 ኪሎ ገደማ ይመዝን የነበረውን የመመሪያና የካርታ ቦርሳ በ2013 በአይፓድ የተኩት ወረቀቱ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልነበረ ነው። ሥራዎ ሠንጠረዥ መሥራት ከሆነ ግን አይድፈሩ። እኔ አንድ ጊዜ ታብሌት ብቻ ይዤ ሄጄ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚከፈት ጨረታ እያለብኝ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሆቴል ክፍል ውስጥ የዋጋ ሠንጠረዡን አንድ ቀመር ለማስተካከል በጣቴ ስታገል ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ ጣቴ አንዱን ሳጥን እነካለሁ ሲል ጎረቤቱን ይከፍታል፣ ድምሩም በእያንዳንዱ ስሕተት ይለዋወጣል። ከዚያ ወዲህ ዋጋ የማስገባበት ጉዞ ከሆነ ላፕቶፑ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ታብሌት ከአውሮፕላን ክፍል የታገደበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ ሊመለስ ይችላል?

መልስ፦ በማርች 2017 አሜሪካ ዱባይን፣ ዶሃንና ጅዳን ጨምሮ ከአሥር አውሮፕላን ማረፊያዎች በቀጥታ ወደ እርሷ በሚበሩ አውሮፕላኖች ላይ ከስልክ የሚበልጥ መሣሪያ ሁሉ ከሻንጣ ጋር እንዲጫን አዛ ነበር፤ እገዳው በዚያው ዓመት በጁላይ ተነሣ። ዛሬ የሚያሳስበው ባትሪው ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት (የኃይል መጠን መለኪያ ነው) የሚይዝ ባትሪ ይፈቀዳል፤ የአብዛኛው ታብሌት ባትሪ ግማሹን እንኳ አይደርስም። ተጨማሪ የኃይል ማጠራቀሚያ (ፓወር ባንክ) ግን ምን ጊዜም ከእጅ ሻንጣ አይውጣ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ መጻሕፍትንስ በየትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከሁሉ በላይ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእጃችን የሚገባው የአማርኛ ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ የገጹ ፎቶግራፍ ስለሆነ ፊደሉን ብቻ ለይቶ ማጉላት አይቻልም፤ በስድስት ኢንች ማንበቢያ ላይ አንድን መስመር ለመጨረስ ገጹን ወዲያና ወዲህ መጎተት ግድ ነው፤ በአሥር ኢንች ታብሌት ግን ገጹ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ነገር ግን ከእነዚህ ፋይሎች ስንቶቹ ናቸው በደራሲው ፈቃድ የወጡት? በቴሌግራም በነጻ የሚዞር መጽሐፍ ለደራሲው ሳንቲም አያስገባም፤ የእኛ አሳታሚ የሚወዳደረው ከ9.99 ጋር ሳይሆን ከዜሮ ጋር ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ካገኛችሁ፣ እባካችሁ፣ ግዙ።

ጥያቄ፦ ከመብረሬ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከቤት ሳይወጡ ታብሌቱን በበረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉና የሚያስፈልግዎትን እያንዳንዱን ሰነድና መጽሐፍ ከፍተው ይዩ። የሽፋኑ ሥዕል መታየቱ መጽሐፉ ወርዷል ማለት አይደለም፤ መካከል ላይ ያለ ገጽ ገልጠው ያረጋግጡ።