ብሮውዘር ላይ የሚሠራው ፒኤችፒ ክሮን ላይ ለምን ዝም ይላል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ኡቡንቱ 22.04 የተጫነበት ሰርቨር ላይ ያልተከፈሉ ሒሳቦችን ለቅሞ በየሌሊቱ ሪፖርት የሚያወጣ የፒኤችፒ ስክሪፕት አለህ። በብሮውዘር ስትከፍተው ያለ እንከን ይሠራል። ተርሚናል ላይ ስታስነሳው «ኩድ ኖት ፋይንድ ድራይቨር» ይልሃል፤ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘኝን ቁራጭ አላገኘሁም ማለቱ ነው። ክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ስታስገባው ደግሞ ሪፖርትም የለ፣ ኢረርም የለ። ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው፤ አንተ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ጻፋቸው።

ኮዱን ገና አትንካው። ብሮውዘር ላይ ከሠራ ኮዱ ደህና ነው፤ የተለየው ዙሪያው ነው። ድረ ገጹን የሚያገለግለው ፒኤችፒ እና ተርሚናል ላይ የሚነሳው ፒኤችፒ ቋንቋቸው አንድ ቢሆንም ፕሮግራሞቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ድረ ገጹን በሚያቀርበው በአፓቼ ወይም ፒኤችፒን ለድረ ገጽ ለብቻው በሚያስኬደው በኤፍፒኤም ሥር የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ሲኤልአይ (የትእዛዝ መስመር) የሚባለው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከፒኤችፒ 4.3 ጋር ራሱን ችሎ የመጣው ነው። ሴቲንግ ፋይላቸው፣ ኤክስቴንሽናቸው (ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጧቸው ቁራጮች)፣ የሚሠሩበት ዩዘር፣ የሚነሱበት ፎልደር ሁሉ ሊለያይ ይችላል።

ከድራይቨሩ እንጀምር። «ፒኤችፒ -ቪ» ብለህ የመጀመሪያዋን መስመር አንብብ። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው 8.1ን ነው። ከሌላ ሪፖዚተሪ (የፕሮግራም ማከማቻ) 8.3ን ጨምረህ ከሆነ ድረ ገጹ በ8.1 ኤፍፒኤም ይቀጥላል፤ ተርሚናል ላይ ባዶውን «ፒኤችፒ» ስትል ግን የሚነሳው አዲሱ 8.3 ነው። የማይኤስኪውኤል (የዳታቤዙ) ኤክስቴንሽን ለየቨርዥኑ ለብቻ ስለሚጫን ለ8.1 አለ፣ ለ8.3 የለም። ኢረሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ፒኤችፒ -ኤም» በል፣ የተጫኑትን ይዘረዝርልሃል፤ «ፒዲኦ_ማይኤስኪውኤል» ከሌለ ነገሩ ይሄው ነው። ኤክስቴንሽኑን ለ8.3ም መጫን ትችላለህ፤ እኔ የምመክርህ ግን ስክሪፕቱን ድረ ገጹ በሚጠቀምበት ቨርዥን፣ «/ዩኤስአር/ቢን/ፒኤችፒ8.1» ብለህ በሙሉ ስሙ መጥራት ነው። አንድ ኮድ በሁለት ቨርዥን ሲሄድ ነገ የሚመጣውን ጣጣ ማንም አይፈልገውም።

ቨርዥኑ አንድ ሆኖም ሴቲንጉ ይለያያል። «ፒኤችፒ --አይኤንአይ» የትኛው ፋይል እንደተነበበ ይነግርሃል። ለ8.1 ተርሚናሉ የሚያነበው «/ኢቲሲ/ፒኤችፒ/8.1/ሲኤልአይ/ፒኤችፒ.አይኤንአይ»ን ሲሆን ድረ ገጹ ደግሞ «ኤፍፒኤም» ወይም «አፓቼ2» የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ነው። አንዱን አስተካክሎ ሌላው ላይ ለውጥ መጠበቅ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ልዩነት አለ። ድረ ገጹ ላይ ስክሪፕት ሲነሳ 30 ሰከንድ የጊዜ ገደብና 128 ሜጋባይት የሚሞሪ ገደብ አለበት። ሲኤልአይ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ደግሞ የሚሞሪ ገደቡም -1 ነው፣ ማለትም ልቅ። ሙሉ ቴብሉን በአንድ ጊዜ ሚሞሪ ላይ የሚጭን ስክሪፕት ድረ ገጹ ላይ ቢሆን በኢረር ይቆም ነበር። ተርሚናል ላይ ግን የሰርቨሩን ሚሞሪ እስከ መጨረሻው ይበላና ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ማንን ልግደል ብሎ መምረጥ ይጀምራል፤ ብዙ ሚሞሪ ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ማይኤስኪውኤል ራሱ ነው። ስለዚህ ከስክሪፕቱ ስም በፊት «-ዲ ሚሞሪ_ሊሚት=256ኤም» ጨምር። ሪፖርት ለማውጣት ይበቃል። ካልበቃ መረጃውን ከፋፍለህ አንብብ እንጂ ቁጥሩን አታሳድግ።

ቀጥሎ ፎልደር። ድረ ገጹ ላይ ፒኤችፒ ወደ ስክሪፕቱ ፎልደር ገብቶ ነው የሚሠራው። ሲኤልአይ ይሄን አያደርግም፤ ከተጠራበት ቦታ ንቅንቅ አይልም። ክሮን ደግሞ የሚነሳው ከዩዘሩ ሆም ፎልደር ነው፤ ድረ ገጹ ለሚሠራበት ዩዘር ለ«ደብልዩደብልዩደብልዩ-ዳታ» ይሄ «/ቫር/ደብልዩደብልዩደብልዩ» ነው። በዚህ የተነሳ «ዳታ/ዝርዝር.ሲኤስቪ» ብለህ የጻፍከው ፋይል አይገኝም። «ኢንክሉድ» ላይ ነገሩ ያደናግራል። ባዶ የፋይል ስም ከሰጠኸው የስክሪፕቱን ፎልደርም ስለሚፈትሽ ይሠራል፤ ፊቱ ላይ ነጥብና እዝባር «./» ካለበት ግን የሚያየው የቆመበትን ፎልደር ብቻ ነው። ግማሹ ሠርቶ ግማሹ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እያንዳንዱን የፋይል አድራሻ በ«__ዲአይአር__» ጀምር። ከ«$_ሰርቨር» ውስጥ «ዶክዩመንት_ሩት»ን ወስደህ የምትጠቀም ከሆነም ሲኤልአይ ላይ ባዶ ነው። «$_ጌት»ም እንደዚያው፤ ግቤቱ የሚመጣው በ«$አርጂቪ» ነው፣ 0ኛው የስክሪፕቱ ስም፣ ከ1 ጀምሮ አንተ የሰጠኸው።

ዩዘሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ክሮኑን በሩት (ሁሉን በሚችለው ዋና ዩዘር) ስም ካስገባኸው ዛሬ ይሠራል። ነገር ግን የሚፈጥረው ሎግና ካሽ ሁሉ የሩት ንብረት ይሆናል። በነጋታው ድረ ገጹ በ«ደብልዩደብልዩደብልዩ-ዳታ» ስም እዚያው ሎግ ላይ ልጻፍ ሲል «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይባላል፤ ስክሪፕቱ ሳይነካ ድረ ገጹ ይወድቃል። አንዳንዱ 777፣ ማለትም ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ሰጥቶ ይገላገላል፤ ይሄ በርን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ክሮኑን ከመጀመሪያው በድረ ገጹ ዩዘር ስም አስገባው፦ «ሱዱ ክሮንታብ -ዩ ደብልዩደብልዩደብልዩ-ዳታ -ኢ»። የዳታቤዝ ፓስዎርድህን በአፓቼ «ሴትኤንቭ» ወይም በኤፍፒኤም ሴቲንግ ውስጥ አስቀምጠህ ከሆነም ሲኤልአይ አያየውም። ባዶ ፓስዎርድ ይዞ ሄዶ «አክሰስ ዲናይድ» ይባላል። ሁለቱም የሚያነቡት፣ ከድረ ገጹ ፎልደር ውጭ የተቀመጠ አንድ ፋይል ውስጥ አድርገው።

አሁን ክሮኑ ለምን ዝም እንዳለ። ክሮን ስክሪፕቱ የሚተፋውን ነገር ሁሉ በኢሜይል ለመላክ ይሞክራል። ሰርቨሩ ላይ የኢሜይል መላኪያ ካልተጫነ ይጥለዋል። «/ቫር/ሎግ/ሲስሎግ» ውስጥ «ኖ ኤምቲኤ ኢንስቶልድ፣ ዲስካርዲንግ አውትፑት» የሚል ካገኘህ ኢረርህ የሄደው እዚያ ነው። መስመሩን እንዲህ አድርገህ ጻፈው፦

0 23 * * * /ዩኤስአር/ቢን/ፍሎክ -ኤን /ቫር/አፕ/ሪፖርት.ሎክ /ዩኤስአር/ቢን/ፒኤችፒ8.1 -ዲ ሚሞሪ_ሊሚት=256ኤም /ቫር/አፕ/ሪፖርት.ፒኤችፒ >> /ቫር/አፕ/ሪፖርት.ሎግ 2>&1

«/ቫር/አፕ» የሚለውን በራስህ ፎልደር ተካው፤ ዩዘሩ እዚያ መጻፍ መቻሉን አረጋግጥ። ሙሉ አድራሻ የተጻፈው ክሮን የሚያውቃቸው የፕሮግራም ፎልደሮች ጥቂት ስለሆኑ ነው። «ፍሎክ» የትናንቱ ሥራ ሳያልቅ የዛሬው እንዳይደረብበት ይከለክላል። መጨረሻ ላይ ያለችው «2>&1» ኢረሩንም ወደዚያው ሎግ ትልከዋለች፤ ከ«>>» በኋላ መሆን አለባት፣ ከቀደመች ኢረሩ ወደ ሎጉ አይገባም። ሌላም አለ፤ በክሮን መስመር ውስጥ የፐርሰንት ምልክት እንደ አዲስ መስመር ነው የሚቆጠረው። በሎጉ ስም ላይ ቀን ለመጨመር «ዴት +%» ብለህ ከጻፍክ ትእዛዙ እዚያው ይቆረጣል፤ ከምልክቱ በፊት ወደ ግራ ያዘመመ እዝባር «\» አድርግ።

23 ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። አንተ የፈለግከው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ይሄ በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ሰዓት ሲሆን ሰርቨርህ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ ደግሞ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ የዋዜማው 23 ሰዓት ነው። 8 ብለህ ብትጽፍ የሚነሳው ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሲስተሙ ላይ እያለ ነው። ክሮን የሚከተለው የሰርቨሩን ሰዓት ነው፤ ፒኤችፒ ግን የራሱ የሰዓት ሴቲንግ አለው፣ ካልነገርከው ዩቲሲ ነው። ያኔ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው የትናንት ቀን ይሆናል። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ዴት_ዲፎልት_ታይምዞን_ሴት» ብለህ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ስጠው፤ በላቲን ሲጻፍ አፍሪካ፣ አዲስና አበባ የሚሉት እያንዳንዳቸው በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ።

ስክሪፕትህ ውስጥ «ዳይ» ብለህ መልእክት የምትጽፍባቸውን ቦታዎችም ፈልግ። «ዳይ» በጽሑፍ ሲጠራ ጽሑፉን አትሞ በ0 ይወጣል፤ ለሲስተሙ 0 ማለት በሰላም ተጠናቀቀ ማለት ነው። ዳታቤዙ ሳይገኝ «ተሳክቷል» ብሎ የሚመዘገበው ለዚህ ነው። መልእክቱን «ኤፍራይት» ተጠቅመህ ወደ «ኤስቲዲኢአርአር» ላከው፣ ከዚያ «ኤግዚት(1)» በል። ተርሚናል ላይ አስነስተህ በ«ኤኮ $?» 255 ካየህ ደግሞ ፒኤችፒ ራሱ በፋታል ኢረር ወድቋል ማለት ነው።

የላክኸው ስክሪንሾት ላይ የስም አምዶቹ ተዛንፈዋል፤ ያም ምክንያት አለው። «ኤስቲአር_ፓድ» የሚቆጥረው ባይት ነው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት ስልት) እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። «ኢትዮጵያ» 5 ፊደል ቢሆንም 15 ባይት ነው፤ እስከ 20 ሙላ ስትለው የሚጨምረው 15 ሳይሆን 5 ክፍት ቦታ ብቻ ነው። ከ8.3 ጀምሮ «ኤምቢ_ኤስቲአር_ፓድ» አለ። አንተ 8.1 ላይ ስለሆንክ የፊደሉን ብዛት በ«ኤምቢ_ኤስቲአርሌን» ቆጥረህ የጎደለውን በ«ኤስቲአር_ሪፒት» ሙላ፤ ለዚህም የ8.1 «ኤምቢስትሪንግ» መጫኑን አይተህ ጀምር።

ስክሪፕቱን ብሮውዘር የሚደርስበት ፎልደር ውስጥ አትተወው፤ አድራሻውን የገመተ ሁሉ የደንበኞችህን ዕዳ ያያል። ወደ ውጭ ማውጣት ካልቻልክ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ፒኤችፒ_ኤስኤፒአይ» (ፒኤችፒ በየትኛው መንገድ እንደተነሳ የሚናገረው) ከ«ሲኤልአይ» የተለየ ከሆነ እንዲወጣ አድርግ።

ሁሉን ካስተካከልክ በኋላ ሌሊቱን አትጠብቅ። መጀመሪያ «ፒኤችፒ8.1 -ኤል» ብለህ ከስክሪፕቱ ስም ጋር ጥራው፣ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ሳያስነሳው ይነግርሃል። ከዚያ «ሲዲ /» ብለህ ወደ ሥሩ ፎልደር ውጣና «ሱዱ -ዩ ደብልዩደብልዩደብልዩ-ዳታ ኤንቭ -አይ /ዩኤስአር/ቢን/ፒኤችፒ8.1 -ዲ ሚሞሪ_ሊሚት=256ኤም /ቫር/አፕ/ሪፖርት.ፒኤችፒ» በል። «ኤንቭ -አይ» ተርሚናልህ ያጠራቀመውን ሴቲንግ ሁሉ ይገፍለታል፤ ፎልደሩም የራሱ አይደለም፣ ዩዘሩም የድረ ገጹ ነው። እዚህ ላይ ከሠራ ክሮን ላይም ይሠራል። ካልሠራ የሚወጣውን ኢረር ሙሉውን እዚሁ ለጥፈው፣ ከ«ፒኤችፒ8.1 --አይኤንአይ» ውጤት ጋር።