ካሮት አይለቀምም

ልጄ አራት ዓመት ሲሞላው ስለ ጓሮ አትክልት የሚያወራ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ ገዛሁለት። ማታ ማታ ሥዕሉን እያሳየሁ በአማርኛ እተርክለታለሁ። አንድ ቀን እናቴ በቫይበር ታዳምጠን ነበር። «ከዚያ ካሮቱን ለቀሙት» ስል ሳቋ አመለጣት። «ምነው ልጄ፣ ካሮት እንደ ቡና ይለቀማል እንዴ?»

እውነቷን ነው። የመጽሐፉ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ሁሉንም ይገላግለዋል። በእኛ ግን ጎመን ይቀነጠሳል፣ ቃሪያ ይለቀማል፣ ካሮት ይነቀላል፣ ድንች ይቆፈራል፣ በሶብላ ይሸመጠጣል። ልጅ ይህን የሚይዘው እጁ ሲሠራ ነው። ስለዚህ የተገዛውን አንብቡላቸው፤ ከዚያ ትንሽ ነገር ትከሉና የራሳችሁን መጽሐፍ ሥሩ።

ከባድ አይደለም። ሁለት ወረቀት ደርባችሁ መሐል ለመሐል እጠፉና ስፉት፤ ስምንት ገጽ ይወጣዋል። በየገጹ አንድ ሥዕል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ልጁ ይሣል፣ ልጁ ይናገር፤ እናንተ ጻፉ። የኔው ጎመኑ ብቅ ያለ ቀን «ተነሳ!» አለኝ። «በቀለ ነው የሚባለው» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። እንዳለው ጻፍኩት።

እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ጎመን ማርች መጨረሻ ላይ ይዘራል። ቃሪያና በሶብላ ግን ሜይ አጋማሽ ሳይደርስ ደጅ ባይወጡ ይሻላል፤ ውርጭ አይችሉም። በካሮት አትጀምሩ። ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ ልጅ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ አፈሩን ይጭረዋል (የኛው ጭሯል)። ራዲሽ የሚባለው ትንሽ ሥራ ሥር ግን በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። አፓርታማ ላይ ላላችሁ፣ ታቹ የተበሳ ትልቅ ባልዲ ለጎመን ይበቃል።

ለቡናችሁ ጤና አዳም ከተከላችሁ ልጅ አይንካው። ፈሳሹ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ውኃ እስኪቋጥር ያቃጥላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ግድግዳው ሥር አትትከሉ። የድሮ ቀለም ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፣ ተልጦ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። አፈሩን አስመርምሩ፤ ካልሆነ ሳጥን ውስጥ አዲስ አፈር ሙሉ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ልጄ ድስት ሣለ። ማታ እናቴ ስትደውል ስልኩ ላይ ለጥፎ አሳያት።

«ምን ይላል?» አለችው።

«ቀነጠስነው። በላነው። አለቀ።»